ሁለተኛው ዳዶ

ሰው ሁሉ የእኛ ሙያ የቀለም ሥራ ይመስለዋል። ቀለሙማ ቀላሉ ነው፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው በአንድ ዓመት ይለምደዋል። ታፔላ ሠሪ ማለት የሠራው ነገር ከሰው አናት በላይ ተሰቅሎ ሲያድር እሱን እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው። እኔን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወስዶኛል። አሁን የማወራላችሁ እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ሃያ ስድስት ቀን ነው።

ነገሩ የመጣው በወረቀት ነው። ደንብ አስከባሪው መንገዳችንን ከላይ እስከ ታች እየዞረ ለሃያ ሦስቱም ሱቆች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ገጽ አደለ። ሰውየውን «ሜትሮ» ነው የምንለው፤ የብረት መለኪያው ከቀበቶው ላይ ወርዶ አያውቅም። ለሠርጉም ታጥቆት ነበር ይባላል። ሐሜት ሊሆን ይችላል፣ ግን ሰምቶ የተጠራጠረ የለም። ወረቀቱ የሱቅ ታፔላ ሁሉ ቁመቱ ዘጠና ሴንቲ፣ መደቡ ነጭ፣ ፊደሉ ሰማያዊ ይሁን ይላል። የታችኛው ጠርዝ ከእግረኛው መንገድ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ከግድግዳው ከአሥራ አምስት ሴንቲ በላይ ምንም ነገር አይውጣ። አሮጌው ይነሳ። ጊዜው አሥራ አምስት ቀን ነው፤ ያላሟላ ይታሸጋል።

ደንቡን አልጠላሁትም፣ ምን እዋሻለሁ። መንገዳችን ታጥቦ የተሰጣ ልብስ መስሎ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ በግ የምታክል ጥርስ ተንጠልጥላ ስንቱን ሕፃን አስለቅሳለች። ያቺን ጥርስ የሠራኋትም እኔው ነኝ። ደግሞ በሰፈሩ ከእኔ ሌላ ታፔላ ሠሪ የለም፤ ስለዚህ ወረቀቱን ሳነብ ፈገግ ያልኩበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው። አሥራ አምስት ቀን ለሃያ ሦስት ታፔላ እንደማይበቃ የገባኝ በስድስተኛው ቀን ነበር።

የሙያችንን ጉድ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። እኛ ዘንድ አሮጌ ታፔላ አይወርድም። ያስተማረኝ ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የሰው ስም አይወርድም፤ ይለበሳል» ይል ነበር። ስም ያወረደ ቤት ዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱን ከአሮጌው ላይ ትደርበዋለህ። ግማሹ እምነት ነው፣ ግማሹ ስንፍና፤ የተበሳ ግድግዳ እያለ ማን እንደገና ይበሳል? እንዲህ እያልን የመንገዱ ሱቅ ሁሉ ከፊቱ ጀርባ የድሮ ፊቶቹን እንደ ሽንኩርት ደራርቦ ቀረ።

የእህቴ ሱቅ የባሰበት ነው። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቁ የአባታችን ነበር። አዲሱ ታፔላ አምስተኛዋ ነው። ከሥሩ አንድ የሳሙና ነጋዴ በነፃ የሰጣት አለ፤ ከዚያ ሥር እሷ ያሠራቻቸው ሁለት አሉ፤ ከሁሉም ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ የአባታችን ስም አለ። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ታፔላ ነው፤ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ቦታ አንሶኝ መጨረሻ ላይ ያሉትን ፊደሎች አጨናንቄአቸዋለሁ። አባቴ ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየውና «እንደ እኔ ነው፤ መጨረሻ ላይ ይቸኩላል» አለ። ዛሬም አባቴን ሳስበው ቀድማ የምትመጣልኝ ያቺ ቀልዱ ናት።

ያቺን ላሜራ የያዙትን አራት ብሎኖች ግድግዳው ውስጥ የቀበርኩት እኔ ነኝ። የቀበርኳቸው ግን ለአንዲት ላሜራ ነው። ታፔላ በተጨመረ ቁጥር ጫፋቸው ላይ ብረት እየበየድኩ አስረዘምኳቸው። አምስተኛውን ስሰቅል ድርብርቡ በራሱ አሥራ አራት ሴንቲ ሆነ። ብሎኖቹ ግን ከነዳዷቸው ወጣ ብለው አሥራ ስምንት ደረሱ። እያንዳንዱ ብሎን ሁለት ዳዶ ነው የሚታሰርለት፤ ይህን ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ በጥፊ ነው ያስያዘኝ። የመጀመሪያው ዳዶ ታፔላውን ይይዛል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይይዛል። መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳ ይንቀጠቀጣል፤ ብቻውን የቀረ ዳዶ ደግሞ ቀስ በቀስ ራሱን ይፈታል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ሜትሮ ከመንገዱ ጫፍ ጀመረ። እኔ እትዬ በር ላይ መሰላል ላይ ነበርኩ። በሦስት ሴንቲ በልጠናል። መደረግ ያለበትን አውቃለሁ፤ ሁሉንም አውርዶ አዲሱን ብቻ በአዲስ ብሎን መስቀል ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከሥር ያለውም የአባቴ ስም ነው። እንኳን ላወርደው ላየውም አልፈለግሁም። ሜትሮ አራት ሱቅ ቀርቶታል። ሴጌቶዬን አወጣሁና የአራቱንም ብሎኖች ጫፍ ከረከርኩ። ለሁለተኛው ዳዶ ቦታ አልተረፈም። የመጀመሪያውም የያዘው በብሎኑ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው። ይህንኑ ለሌሎች ስድስት ሱቆችም እየሮጥኩ አደረግሁ፤ አንዱ ከእትዬ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ፀጉር ቤት ነው። «ከምርመራው በኋላ እመለስበታለሁ» አልኩ ለራሴ። የተቆረጡትን ጫፎች ኪሴ ከተትኩ።

ሜትሮ መጣ፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «አሥራ አምስት። ልክ አሥራ አምስት!» አለና ደስ አለው፤ እንዲህ የሚያስደስት ነገር ብዙ የማያገኝ ሰው ነው። ከዚያ ከቦርሳው «ጸድቋል» የሚል ማኅተም የተመታበት ወረቀት አውጥቶ ግማሹን ታፔላው ላይ፣ ግማሹን ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ገጽ ዘጠኝ። አላነበቡትም? የጸደቀ ታፔላ አይነካም። ወረቀቱ ከተቀደደ ሱቁ ለስድስት ወር ይታሸጋል፤ የነካው ባለሙያም ፈቃዱን ይነጠቃል። እናንተ ሰዎች ከምርመራ በኋላ ትመለሱበታላችሁ አሉ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷስ የፈሰሰውን መልቀም ተፈቅዶላታል።

እትዬ ማሽኗን የምታስቀምጠው በሩ ላይ ነው፤ የሱቁ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም። የታፔላው መሀል በትክክል ከራሷ በላይ ነው። ይህን ሠላሳ ዓመት ሳየው ኖሬ አላየሁትም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ስመጣ ሌላ ነገር አልታየኝም። ነጭ ፀጉሯ፣ ጎንበስ ያለ አንገቷ፣ ከላዩ ያ ሁሉ ብረት።

«እትዬ፣ ማሽኑን ትንሽ ወደ ውስጥ ብናስገባውስ?»

«ለምን?»

«አቧራው ያስልሻል ብዬ ነው።»

«አቧራውን አርባ ዓመት ውጬዋለሁ፤ ዛሬ ምን አዲስ አቧራ መጣ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ውስጥ ገብቼ የሰውን እጅጌ ከኪሱ ጋር ልስፋው?»

በሌላ ቀን መብራት ላስገባልሽ አልኳት። መብራት ዓይኗን እንደሚወጋት ነገረችኝ። በሌላ ቀን ፀሐይ አልኩ፣ በሌላ ቀን ሌባ አልኩ። «አንተ ልጅ ምን ሆነሃል? ጠዋት ጠዋት እየመጣህ አናቴ ላይ ታፈጣለህ፤ ሽበቴን እየቆጠርክ ነው?» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን መንገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ግን ከነገርኳት ታስወርደኛለች፤ ካወረድኩት ሱቋ ይታሸጋል፤ ከታሸገ በኋላ ደግሞ የስድስቱ ጉድ ይወጣል፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ያለ ሙያ እቀራለሁ። እንዲህ ብዬ ሳወራው ለእሷ ያሰብኩ ይመስላል። ያሰብኩት ለራሴ ነው።

አንድ ጊዜ ደንብ አስከባሪዎቹ ቢሮ ሄጄ ነበር። «የጸደቀ ታፔላ ለማውረድ ማመልከት ይቻላል፤ ምክንያቱን ጽፈው ያምጡ» አለችኝ ጸሐፊዋ። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ «ብሎኖቹን ስለቆረጥኳቸው» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው የሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ መሰለኝ። ቀደድኩትና በሌላ ወረቀት «ለቀለም እድሳት» ብዬ ሰጠኋት። «የጸደቀ ታፔላ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይታደስም» አለችና መለሰችልኝ። «ዝም አይነቅዝም» እያልኩ ወጣሁ። ማን እንደሆነ አላውቅም ይህን ተረት ያመጣው፣ ግን መሰላል ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ወራቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይነሳና መንገዱን ከታች ወደ ላይ ይጠርገዋል። አሸዋ የጫኑ መኪኖችም ዳገቱን ሲወጡ ግድግዳዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ድሮ የማልሰማውን ሁሉ መስማት ጀመርኩ። ታፔላው በነፋስ ጊዜ አይንኳኳም፤ አንዴ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ብዙ ዝም ይላል። የምፈራው ዝምታውን ነበር። በየቀኑ ከማዶ ቆሜ ዳዶዎቹን አያለሁ። የታችኞቹ ሁለቱ በግልጽ ይታያሉ፤ ነጭ ቀብቻቸዋለሁ። የላይኞቹን ለዝናቡ ብዬ የሠራሁላቸው ትንሽ ክፍክፍ ሸፍኗቸዋል። ታች ያሉት አሉ፤ ካሉ ሁሉም አሉ፤ እንዲህ እያልኩ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ብሎኖቹን ከቆረጥኩ በሃያ ስድስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ስደርስ እትዬ የአንድ ደንበኛ ኮት ገጣጥማ ጠርዙን እየሰፋች ነበር። ከጎኗ ቁልፍ የምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ክፍት ነው።

«መጣህ? በል እስቲ ብረት ታውቃለህና ይህን ንገረኝ» አለችና ቆርቆሮዋ ውስጥ በጣቷ ቆፈረች። «ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰማይ ወረደልኝ፤ ከመኪና የወደቀ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላ። እዚሁ ቁልፎቼ መሀል ጠብ አለ። ጨርቅ ስቆርጥ ለመያዣ ጥሩ ናቸው፤ ሌላ ካገኘህ አምጣልኝ።»

መዳፌ ላይ ሁለት ዳዶ አኖረች። አንድ አንድ ጎናቸው ነጭ ቀለም ነክቷቸዋል። ያ ነጭ የእኔ ነጭ ነው፤ ትንሽ ሰማያዊ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ሌላ ሰው አያደርግም።

ቀና አልኩ። የታችኞቹ ሁለቱ በቦታቸው አሉ። የወደቁት የላይኞቹ ናቸው።

«እትዬ ተነሺ።»

«ይህቺን ጠርዝ ልጨርስ፤ ሰውየው እየመጣ ነው።»

«ተነሺ አልኩሽ!»

«ደግሞ ጀመረህ? ዛሬስ ምን ልትል ነው፣ ዝንብ?»

ከዳገቱ ሥር የአሸዋ መኪና ማርሽ ሲቀይር ተሰማ። ያኔ ጮህኩ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጮህኩት፤ ብሎኑን፣ ሴጌቶውን፣ ሁለተኛውን ዳዶ፣ የሌሎቹን ስድስት ሱቆች፣ ፀጉር ቤቱንም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ዞሮ አየኝ። እትዬ ግን ወደ ላይ አላየችም። የማሽኑን መርፌ ከጨርቁ ላይ አነሳች፣ ኮቱን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች፣ ተነሳችና ወደ እግረኛው መንገድ ጠርዝ ወጣች። መኪናው አለፈ። ታፔላው ጠቅ አለ። አልወደቀም።

«ስንት ቀንህ ነው ካወቅህ?» አለችኝ።

«ሃያ ስድስት።»

«አውርደው» ብቻ አለች።

ከጎን በኩል መሰላል አቆምኩና ወረቀቱን ቀደድኩት። የላይኞቹ ብሎኖች ራቁታቸውን ነበሩ፤ ታፔላውን የያዘው የአሮጌዎቹ ዝገት ነው። አንዱን ከአንዱ እየለየሁ በገመድ አወረድኩ። እትዬ ከታች ተቀበለችኝ። የሳሙናው ወረደ፣ የእሷ ሁለቱ ወረዱ። የአባቴን ላሜራ ስነካው ብሎኖቹ ከነሲሚንቷቸው ተነቃንቀው ወጡ። ሲወርድ አላለቀስኩም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ስለነበር አለቀስኩ የሚል ካለ አትመኑት። እትዬ ላሜራውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው። የተጨናነቁት ፊደሎች እንዳሉ ናቸው።

«ስድስቱን አሁን ትነግራለህ» አለች ሳታየኝ። «ከፀጉር ቤቱ ትጀምራለህ።»

«እሺ።»

እሺ አልኩ እንጂ እግሬ አልተነሳም። ወዲያው ሜትሮ ደረሰ፤ ጉድ ሲወራ በዚያ መንገድ ከእሱ ቀድሞ የሚሰማ የለም። የተቀደደውን ወረቀት አነሳ፣ ሁለቱን ግማሽ ገጣጠመ፣ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ሁለቱ ዳዶ ነገርኩት። መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ዳዶዎቹን አየ፣ አዘነም። ከዚያ ግን «እኔ የለካሁት ልክ ነበር። ከጀርባ ያለውን ለካ የሚል አንቀጽ የለም። ወረቀቱ ተቀዷል፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ደግሞ ሌላ ልጽፍ የምችለው ነገር የለኝም» አለ።

የማሸጊያውን ቅጽ ከቦርሳው አወጣ። ፀሐዩ ስለከበደው ሁለት እርምጃ ሄደና የፀጉር ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ጥላ ውስጥ መጻፍ ጀመረ። ጥላው የፀጉር ቤቱ ታፔላ ጥላ ነው። ከራሱ በላይ አራት ድርብ ብረት አለ፣ አራት የተቆረጠ ብሎን።

አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት እስክሪብቶው «የሚታሸገው ንግድ ቤት» ከሚለው መስመር ላይ ደርሶ የእህቴን ስም ይጽፍ ነበር። ቀጥሎ ያለው መስመር የእኔ ነው። አፌን ዘጋሁ። ልነግረው አላሰብኩም አልልም። አስቤ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ምን እንደሚሆን ልይ ያለ አንድ ነገር ውስጤ ተቀምጦ ነበር፣ እሱም አልቸኮለም። ከዳገቱ ሥር ሌላ መኪና ማርሽ ቀየረ። ሜትሮ ጻፈ። መኪናው ቀረበ።

ኮቱን መሬት ላይ የጣለችው እትዬ ናት። አርባ ዓመት የሰው ልብስ መሬት አስነክታ የማታውቅ ሴት ኮቱን ጣለችና ሰውየውን በእጅጌው ጨምድዳ ሳበችው። ሁለቱም ተንገዳግደው መንገዱ ላይ ወጡ። የእጅጌው ስፌት ተተረተረ፤ ቅጹ በነፋሱ ተወሰደ። መኪናው ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ አለፈ።

ታፔላው ከቦታው አልተነቃነቀም። አንዲት ዳዶ ብቻ ወደቀች። ሜትሮ ቆሞበት በነበረው ድንጋይ ላይ ነጥራ እየተንከባለለች መጥታ ጫማዬ ሥር ቆመች።

ሜትሮ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር። ከዚያ ዳዶዋን አየ፣ ቀና ብሎም ታፔላውን አየ። በፀጉር ቤቱ መስኮት ሦስት ሴቶች ብቅ አሉ። እትዬ እንዲወጡ ጮኻ ነገረቻቸው፣ የቀሩትን አምስት ሱቆችም ስማቸውን እየጠራች ለሜትሮ ነገረችው፤ እኔ አንዴ ብቻ ነበር የነገርኳት፣ አንዱንም አልረሳችም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ፊቷ ላይ ቁጣ ነበር፤ እህት ናት፣ ቁጣዋን አውቀዋለሁ፣ ያልፋል። አሁን ግን ቁጣው የለም። አይታኛለች። አፌን ስከፍትም ስዘጋም አይታኛለች።

«እኔንም እንዲህ ነበር ቆመህ የምታየኝ?» አለች።

ዳዶዋን ለማንሳት ጎንበስ አልኩ። እጄ ላይ ሦስት ሆኑ። ቀና ስል እትዬ ኮቱን ከመሬት አንስታ አቧራውን እያራገፈች ወደ ሱቋ እየገባች ነበር፤ ታፔላ የሌለበት በር ላይ ስትደርስ ቆመችና፣ ከመግባቷ በፊት፣ ወደ ላይ አየች።